ልጁ ካምፓስ አልገባም ብላችሁ አታልቅሱበት

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለ። ልጁ ገና ስልኩን ከእጁ ሳያስቀምጥ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል። አባት አይናገርም፣ እናት ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ በር ትዘጋለች። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች የፈተናውን ግማሽ ውጤትና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2015 ደግሞ 3.2። ታዲያ ይሄ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው? ቤተ ሙከራ በስዕል ብቻ አይቶ ኬሚስትሪ የተፈተነ ልጅ ስንት አለ!

ወላጅ አይገፋፋ አልልም። እስከ አስራ ሁለት ድረስ በደንብ ይግፋ፣ ይቆጣ፣ ደብተር ያገላብጥ። ማንበብና ማስላት የማይችል ልጅ የትም ቢሄድ ይቸገራል። የምቃወመው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ልጅቷ ሥዕል ትወዳለች፣ ቤተሰብ ግን አካውንቲንግ ያስሞላታል። አራት ዓመት ትቆያለች። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ ሃምሳ ካላመጣች ዲግሪው የለም። አልፋም ብትወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚጠብቃት "የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ነው።

የወላጆች ፍርሃት ግን ይገባኛል። በጉሊት ልጅ ያሳደገች እናት ልጇ ወረቀት ከሌለው እንደ እሷ ፀሐይ ላይ እንዳይቀር ትሰጋለች፣ ደግሞም ዲግሪ የለህም ተብሎ እድገት የሚከለከል ሰው ሞልቷል። ይሄን አልክድም። ግን ፍርሃት ልጁን እንዳናይ ሲያደርገን ነው ችግሩ።

ሰፈራችን ሞባይል የሚጠግን ልጅ አለ። ከጤፍ የምታንስ ዕቃ በመቆንጠጫ አንስቶ ቦርዱ ላይ ሲበይዳት እጁ ንቅንቅ አይልም። ሌላ ቦታ "አይሠራም፣ ጣለው" የተባለ ስልክ እሱ ጋ ይመጣል። አባቱ ግን ሰው ስለ ልጁ ሲጠይቃቸው "ለጊዜው ነው፣ ዘንድሮ በግል ይፈተናል" ይላሉ። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ! እንዲህ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ነው የሚላወሰው።

ይሄ ልጅ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ቢይዝ እጁ ላይ ያለው ሙያ ወረቀትም ይኖረዋል። ለአስጠኚ የሚከፈለው ብር ደግሞ ደህና ማይክሮስኮፕ ሊገዛለት ይችላል። አባቱን ሳገኛቸው ይሄንኑ ልነግራቸው ነው።