ከኮምቦልቻ ላሊበላ፦ ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን እንዴት አሰላሁት

ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ላሊበላ ኤርፖርት በአየር 127 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና በደሴ፣ በወልድያና በጋሸና ዞሮ ሲኬድ ግን ከ300 ይበልጣል።

ስሌቱን የሠራሁት በኤክሴል ነው። ኮምቦልቻ 11.08 ሰሜን፣ 39.71 ምሥራቅ፤ ላሊበላ 11.98 እና 38.98፤ ቦሌ 8.98 እና 38.80 ብዬ ያዝኩ። የኬክሮሱን ልዩነት በ110.6 አበዛሁ፤ ይህ የአንድ ዲግሪ ርዝመት በኪሎ ሜትር ነው። የኬንትሮሱን ደግሞ በ111.3 (በምድር ወገብ ላይ የአንድ ዲግሪ ርዝመት)፣ እንደገናም በሁለቱ ቦታዎች አማካይ ኬክሮስ ኮሳይን። ከዚያ የፓይታጎረስ ስሌት ነው፦ ሁለቱን ስኩዌር አድርጎ መደመር፣ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት። ለእንዲህ ያለ አጭር ርቀት ከዚህ የረቀቀ ቀመር አያስፈልግም።

የተሳሳትኩት ኮሳይኑ ላይ ነው። ኤክሴል ማዕዘን የሚቀበለው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን፣ ማለትም በሌላ የማዕዘን መለኪያ፣ ስለሆነ ዲግሪውን እንዳለ ስሰጠው ኮምቦልቻ–ቦሌ 247 ወጣ። ትክክለኛው 253 ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አልጠረጠርኩም። ኮሳይኑ ኔጌቲቭ ሆኖ ነበር፣ ስኩዌሩ ምልክቱን ደበቀው። ነገሩ የተጋለጠው የላሊበላው 108 ሲመጣ ነው። መፍትሔው ዲግሪውን አስቀድሞ በራዲያንስ ፋንክሽን መለወጥ ነው። 11.08ን «11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ» ብሎ ማንበብም ስህተት ነው፤ 5 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ያዛባል።

ሰዓቱ ላይ ማካፈል ብቻውን አይበቃም። ዳሽ 8-400 (ለአጭር በረራ የሚያገለግል ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን) በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ይበራል ብለን ብንይዝ 253ቱ 25 ደቂቃ ይሆናል። አውሮፕላኑ ግን ሲነሳም ሲያርፍም በዚያ ፍጥነት አይሄድም፤ መሬት ላይ መንደርደሪያው ድረስ የሚነዳበትም አለ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ከቆመበት ተነስቶ እስኪቆም ስለሆነ ለአጭር በረራ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ እጨምራለሁ። ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም።

ላሊበላ ቀጥታ በረራ ከሌለ መንገዱ በቦሌ ነው፦ 253 እና 332፣ በድምሩ 585 ኪሎ ሜትር። በአየር ላይ ያለው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ቀኑን የሚበላው ቦሌ ላይ የሚጠበቀው ነው። ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት በሁለቱ በረራዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ከደሴ የሚነሳ ሰው ደግሞ ኤርፖርቱ ያለው ኮምቦልቻ መሆኑን አይርሳ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። አንድ ሰዓት ይያዝለት፤ ክረምት ጠዋት ጉም ሲኖር ከዚያም በላይ። ትኬቱ 07:10 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡10 ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ኤርፖርት ለመድረስ ከደሴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መውጣት ነው።