ፋይቶፕላንክተን በደብረ ብርሃን፦ ከብርዱ ይልቅ ሮቲፈሩን ፍሩ

ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም ለጨው ውሃ አኳሪየም እንስሳት ምግብ የሚሆነው ደቃቅ ተንሳፋፊ አልጌ፣ በደብረ ብርሃን ይባዛል ሲባል የሚቀድመው ጥያቄ ስለ ብርዱ ነው። ይባዛል፤ ያውም ደህና አድርጎ። የምናባዛው አልጌ ናኖክሎሮፕሲስ (ባጭሩ ናኖ) የቤቱ ሙቀት ወደ 15 ዲግሪ ቢወርድም አይሞትም፤ ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውጭው በውርጭ ሲነጋ ጠርሙሶቹን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙና የሳፋውን ውሃ በአኳሪየም ማሞቂያ 22 ዲግሪ ላይ ያዙት። ማሞቂያውን ጠርሙሱ ውስጥ አትክተቱ፤ አልጌው ላዩ ላይ ይጋገርበታል፣ ማጽዳቱም ሌላ ሥራ ነው። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከ30 ዲግሪ ካለፈ ናኖ ይደክማል፤ እዚያ ሙቀት የሚችለው የታሂቲው አይሶክራይሲስ የሚባለው አልጌ ይሻላል።

መነሻው ቀላል ስለሆነ ባጭሩ፦ ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ 6500 ኬልቪን ነጭ ኤልኢዲ በቀን ለ16 ሰዓት፣ እስከ ታች የሚደርስ ጠንካራ የአየር ቱቦ። ቱቦው ጫፍ ላይ የአየር ድንጋይ አያስፈልግም፤ አረፋ ብቻ ያበዛል፣ ቆሻሻም ያቅፋል። የአኳሪየም ጨው፣ የውሃው ጥግግት መለኪያ 1.020 እስኪያነብ ድረስ፣ ማለትም በሊትር 28 ግራም ገደማ። የአፍዴራ የገበታ ጨው ብቻውን አይሆንም፤ አብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ስለሆነ ማግኒዥየምና ካልሲየም ያንሰዋል። ምግቡ ኤፍ/2 የሚባለው ቀመር ነው፦ በሊትር 75 ሚሊ ግራም ሶዲየም ናይትሬት፣ 5 ሚሊ ግራም ሶዲየም ፎስፌት፣ ከኢዲቲኤ (ብረቱ እንዳይዘቅጥ ከሚይዘው ኬሚካል) ጋር የታሰረ ብረትና ጥቃቅን ማዕድናት፣ ከዚያ ቫይታሚን ቢ12፣ ባዮቲንና ታያሚን። ሲሊኬት የሚገባው ዲያቶም ለሚባለው የአልጌ ዓይነት ብቻ ነው።

«ዩሪያና ኤንፒኤስ ቤት ውስጥ ሞልቶ ለምን ኬሚካል ፍለጋ?» የሚል ክርክር ሁሌም ይነሳል። ውጭ ላለ ትልቅ ገንዳ የእርሻ ማዳበሪያ ይሠራል። ለጠርሙስ ግን አልመክርም። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን ይዞ ፎስፌቱ 38 በመቶ ነው፤ አልጌው የሚፈልገው ናይትሮጅኑ በብዙ እጥፍ የሚበልጥበትን ነው። ከዚህም በላይ ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ያለ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ) ወደ 9 ሲጠጋ ከፊሉ ወደ መርዛማው አሞኒያ ይለወጣል፤ የተረፈው ከምግቡ ጋር ተቀድቶ የአኳሪየሙ እንስሳት ላይ ይፈስሳል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ጠርሙስ የሚያጠፋው ብርድ ሳይሆን አልጌ የሚበሉት ሮቲፈር (ደቃቅ የውሃ እንስሳ) እና ሲሊየት (ባለ አንድ ሕዋስ ነፍሳት) ናቸው። ሮቲፈር ለክላውንፊሽ ጫጩት ምግብ እንዲሆን ስለምናረባው ቤታችን ውስጥ አለ፤ ያለ ወንድ ስለሚራባ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ጠርሙስ ውስጥ ከገባች ትበቃለች። ምልክቱ ይታወቃል፦ አረንጓዴው ባንድ ሁለት ቀን ይሳሳል፣ ወደ ግራጫ ወይም ቡናማ ይዞራል፣ አንገቱ ላይ አረፋ ይይዛል፣ ይሸታል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ብታነሱት የሚንቀሳቀሱ ነጫጭ ነጥቦች ታያላችሁ። ሲሊየት ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ 100 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። እዚህ የደረሰ ጠርሙስ አይድንም። ለሮቲፈሩ ስጡትና በንጹህ ዘር (ለማስጀመሪያ በተቀመጠ አልጌ) እንደገና ጀምሩ።

ሮቲፈሩ የሚገባበት መንገድ ሁሌ ያው ነው፦ የጋራ የአየር ፓምፕ፣ የጋራ ሲሪንጅ፣ ያልታጠበ እጅ። የሮቲፈሩ ባልዲ ላይ የሚፈነዳ አረፋ የሚረጨው ጠብታ እንኳ ይበቃል። ስለዚህ ባልዲው ሌላ ክፍል ይሁን፣ የየራሳቸው ፓምፕ ይኑራቸው፣ በየቀኑ መጀመሪያ አልጌው ይነካ፣ ሮቲፈሩ መጨረሻ። በተቃራኒው ከተሠራ ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው።

ውሃውን ስለማጽዳት፣ ለሃይላንድ ጠርሙስ በረኪና ከሁሉም ይሻላል፤ ፕላስቲኩ ሙቀት አይችልም። ሽታና ማወፈሪያ የሌለበት 5 በመቶ በረኪና በሊትር 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩና አየሩን ከፍታችሁ አሳድሩት፤ እንዲህ ሲሆን ቱቦውም አብሮ ይጸዳል። ጠዋት፣ በሊትር 250 ግራም ሆኖ የተበጠበጠ ሶዲየም ቲዮሰልፌት (ክሎሪን ማጥፊያ) በጨመራችሁት በረኪና ልክ አስገቡ፤ በመዋኛ ገንዳ መመርመሪያ ክሎሪኑ ዜሮ መሆኑን እዩ። ምግቡ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ክሎሪን ቫይታሚኑንም ኢዲቲኤውንም ያበላሻል። ተከፍቶ የቆየ በረኪና ኃይሉ ስለሚቀንስ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አትመኑ። ከአቼቶም ሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ለዘር ማቆያዋ እናት ጠርሙስ ግን በረኪና አይበቃኝም፤ እሷ ከተበከለች ሁሉም ይጠፋል። ማፈላትስ? ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሮቲፈርና ሲሊየት በዚያም ያልቃሉ። የማያልቀው የባክቴሪያ ስፖር ነው፤ እሱ 100 ዲግሪንም ስለሚቋቋም ውሃውን አብዝቶ ማንተክተክ ከሰል መፍጀት ነው። መፍትሔው ፕሬሸር ኩከር ነው፣ እሱም በከፍታው ሒሳብ። ባለ 1 ባር ድስት (ከውጭው አየር በላይ 1 ባር ግፊት የሚይዝ) በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ይሰጣል፤ እዚህ ግን የውጭው አየር ስለሚሳሳ ያው ድስት የሚደርሰው 116 አካባቢ ነው። አምስቷ ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፣ የመግደል ፍጥነቱን ግን ወደ ሲሶ ታወርደዋለች። ስለዚህ መጽሐፍ 15 ደቂቃ ሲል እዚህ 45 ደቂቃ ነው። ብዙ የወጥ ቤት ድስቶች 1 ባር እንኳ አይሞሉም፤ ለእነሱ ከዚያም ይርዘም።

ክዳኑ ላይ የሚቀመጠውን ክብደት ከመጫናችሁ በፊት እንፋሎቱ 5 ደቂቃ ያህል ይንፋ፤ ውስጥ የቀረ አየር ሙቀቱን ይሰርቃል። የመስታወት ጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሙሉ፣ አፉን በጥጥ ወትፋችሁ በፎይል ሸፍኑ። ሲያልቅ ድስቱ በራሱ ይቀዝቅዝ። በጉልበት ከተከፈተ ውሃው ገንፍሎ ጥጡን ያርሰዋል፣ የረጠበ ጥጥ ደግሞ ባክቴሪያ ያሳልፋል። ትኩሱን ጠርሙስ በቀጥታ ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ በዚህ ብርድ ይሰነጠቃል። ፎስፌቱን ከጨው ውሃው ጋር አትቀቅሉ፤ ዝቃጭ ይሆናል። ለብቻው ተቀቅሎ ሁለቱም ሲቀዘቅዙ ይቀላቀል። ቫይታሚን እሳት ላይ አይጣድም፤ በ0.22 ማይክሮን የሲሪንጅ ማጣሪያ ተጣርቶ ይገባል።

አየሩ መሳሳቱ ሌላም ነገር ያመጣል፦ እያንዳንዱ አረፋ የሚይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ፒኤቹ ከ9 ካለፈ አየሩን ጨመር አድርጉ። በእርሾና በስኳር ጋዝ የማመንጨቱን ዘዴ ተዉት፤ እርሾው ገንፍሎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ናኖው ይዘቅጣል፤ በየጥቂት ሰዓቱ በእጅ ማነቃነቅ ይበቃል። ፓምፑ ከውሃው ከፍታ በላይ ካልተሰቀለ ግን የጨው ውሃ በቱቦው ተመልሶ ሞተሩን ይበላዋል።

ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ጠርሙሱ ጣት ከጀርባው የማያሳይ አረንጓዴ ሲሆን ግማሹን ቅዱ፣ በአዲስ ምግብ ሙሉ፤ ከሦስት አራት ዙር በኋላ ከእናት ጠርሙስ እንደ አዲስ ጀምሩ። ሳይደርስ የተቀዳ ያልተበላ ናይትሬት ወደ አኳሪየሙ ይዞ ይገባል። የተቀዳው በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በየቀኑ ይነቅነቅ፣ ፍሪዘር ግን አይግባ። ለአኳሪየሙ ስትጀምሩ በ10 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ስጡ፤ ውሃው በማግስቱ ጠርቶ ካደረ ጨምሩ።