ወደ ልብ ወለድ ለመመለስ በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ትምህርት ከጨረሰ ወዲህ ልብ ወለድ ያልነካ የጎጃም ወጣት «እንደገና ላንብብ» ሲል እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የአገሩ ሰው የጻፈው፣ ታሪኩም እዚሁ የሚካሄድ፣ ሁሉም የሚያወድሰው መጽሐፍ ነዋ! ምርጫው ክፉ አይደለም። ለመጀመሪያነት ግን ይከብዳል።

የ1958ቱ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ከ500 ገጽ ያልፋል። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ፈልጎ የገባ ሰው በቅድሚያ የሚያገኘው ታሪኩ የሚጀምርበትን የማንኩሳን አገር፣ የበዛብህን ወላጆች፣ የስለቱን ነገርና የቤተ ክህነት ትምህርቱን ነው። ንባብ የለመደ ሰው ይህን ክፍል ይወደዋል፤ ዓይኑ በስልክ አጫጭር ነገር የለመደ ግን «ፍቅሩ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ ይዘጋዋል። ከዚያም ጥፋቱን በራሱ ላይ ያላክካል፤ «ማንበብ አልችልም» ይላል።

መፍትሔው ቀጭን መጽሐፍ መምረጥ ይመስላል፤ ቅጥነትም ያታልላል። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ አማርኛው ግን ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ነው፣ ዐረፍተ ነገሩም ረጅም። ለጀማሪ ከገጽ ብዛት ይልቅ የታሪኩ ፍጥነት ይበልጣል።

ለዚህ እኔ የማስቀድመው የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ነው። ስለላና ምስጢር ነው፤ ጣናም አለበት። የማይታመን ነገር ይበዛበታል የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውንም ነው፤ ለጊዜው የምንፈልገው ግን «ቀጥሎ ምን ሆነ?» የሚያሰኝ ነገር ነው። ትንሽ ጠንከር ያለ የሚሻ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» (1975) ይያዝ። አስመራ ላይ፣ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ፣ በጋዜጠኛ አንደበት የሚተረክ ስለሆነ ንግግሩ ፈጣን ነው። ከጎጃም ሳልወጣ ካላችሁ ደግሞ የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ አለ፤ «አልወለድም» ገና በማኅፀን ሳለ መወለድን እምቢ የሚል ጽንስ ይዞ ይነሣል። በዘመኑ መታገዱም ለማንበብ ያጓጓል።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት ቆማችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች፣ ከዚያ ከመሐል አንድ ገጽ አንብቡ። የመሐሉ ገጽ ይበልጣል፤ መግቢያውን ሁሉም ደራሲ አሳምሮ ይጽፋል። ቤት ከገባ በኋላ 50 ገጽ ድረስ ካልያዛችሁ ያለ ጸጸት ተዉት። በቀን 10 ገጽ ከበቂ በላይ ነው፤ 200 ገጽ በ20 ቀን ያልቃል። ቅዳሜ 60 ገጽ አንብቦ ሳምንቱን መዝለል ግን አያዋጣም፤ ሲመለሱ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይረሳል። በቴሌግራም የሚዞረውን ፒዲኤፍ ለሙከራ ካልሆነ አልመክርም፤ ፊደሉ ይደቃል፣ መልእክት በገባ ቁጥር ታሪኩ ይቋረጣል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጁን ለሌላ ነገር ትፈልጉታላችሁ።

ሁለት ሦስት መጽሐፍ ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመለሱ። የማንኩሳው ክፍል ከከበዳችሁ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን እያዳመጣችሁ ገጹን በዓይን ተከተሉ፤ ድምፁ የት መቆም እንዳለባችሁ ያስተምራል። የሰዎቹን ስምና ዝምድና በብጣሽ ወረቀት ጻፉና ከሽፋኑ ሥር አስቀምጡ። ስለ ጉልት፣ ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ቅኔ ቤት ያልገባችሁን አያታችሁን ጠይቁ። ይህ ለእኛ ለጎጃሞች ከሌላው አንባቢ የበለጠ የሚቀለን ነገር ነው።

ስትገዙ ከዋናው ኅትመት የተባዛ ቅጂ እንዳይደርሳችሁ ተጠንቀቁ። ብዙ መጽሐፍ 16 ገጽ እያለ ታጥፎ ነው የሚጠረዘው፤ ስለዚህ ሲጎድል ነጠላ ገጽ ብቻ ሳይሆን 16ቱም አንድ ላይ ሊጎድሉ ይችላሉ፣ አንዳንዴም ተገልብጠው ይጠረዛሉ። የገጽ ቁጥሩን በአውራ ጣት እያገላበጣችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉ። ከዚያ መሐሉን ከፈት አድርጉት፤ ሙጫው ከተሰነጠቀ ወይም የመስመሩ ጫፍ ጥርዙ ውስጥ ከገባ ሌላ ቅጂ ጠይቁ።