ደጋግሞ ማዳመጥ

ስለ ሥራ ልማድና ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚያስተምሩ የድምፅ ዝግጅቶችን ማዳመጥ፣ መጻሕፍቱንም ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ የትኛው እንደ ሆነ ብጠየቅ፣ ደጋግሜ ያዳመጥኩት ነው ብዬ እመልሳለሁ፤ የዝግጅቱ ጥራት እንኳ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ዘርፉ ራሱ ሲጀመር የታሰበው ለድግግሞሽ ነበር። አሜሪካዊው የሬዲዮ ሰው ኧርል ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1956 ያስቀረጸውን ታዋቂ ንግግር ያዘጋጀው፣ እርሱ በሌለበት የመድን ሽያጭ ሠራተኞቹ እንዲሰሙት ነው። በንግግሩም አድማጩ ግቡን በካርድ ላይ ጽፎ ለ30 ቀናት በየዕለቱ እንዲመለከተው ያሳስባል። ዛሬ ግን አንዱ ዝግጅት ሲያበቃ ሌላው በራሱ ስለሚቀጥል፣ ምክሩን በመስማትና በመፈጸም መካከል ያለው ልዩነት በቀላሉ ይዘነጋል። መጽሐፍ ሲሆን ዓይናችን አንድ መስመር ላይ ቆሞ ሊያሰላስል ይችላል፤ ድምፅ ግን አይጠብቅም። (በእጥፍ ፍጥነት የሚያዳምጡ ሰዎች ጊዜ አተረፍን ሲሉ እሰማለሁ፤ ያተረፉትን ጊዜ ለምን እንደሚያውሉት ግን ሲናገሩ አልሰማሁም።)

ስለዚህ አንድ ጠቃሚ ምክር ስሰማ ድምፁን አቁሜ፣ ምክሩን መቼና ከምን በኋላ እንደምፈጽመው በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። «ጊዜዬን በአግባቡ እጠቀማለሁ» የሚለው ውሳኔ የሚይዘው መነሻ የለውም፤ «ጠዋት ወንበሬ ላይ እንደ ተቀመጥኩ፣ መልእክቶቼን ሳልከፍት በፊት የዕለቱን ዋና ሥራ በወረቀት እጽፋለሁ» የሚለው ግን ሰዓቱ ሲደርስ ራሱን ያስታውሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» በሚል መልክ የተቀረጸ ዕቅድ ከደፈናው ፍላጎት ይልቅ ወደ ተግባር እንደሚያደርስ በጥናቶቹ አሳይቷል።

በእነዚህ ዝግጅቶች ውስጥ እጅግ ከሚደጋገሙት አባባሎች አንዱ ልማድ በ21 ቀናት ይሰርጻል የሚለው ነው። ምንጩ በአብዛኛው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ማክስዌል ማልትዝ እ.ኤ.አ. በ1960 የጻፈው ነው፤ እርሱ ግን የተናገረው ሰዎች አዲስ መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀናት ያህል እንደሚፈጅባቸው ነበር። ፊሊፓ ላሊና የሥራ ባልደረቦቿ በለንደን በ96 ፈቃደኞች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ አንድ ተግባር ያለ ብዙ ማሰብ የሚፈጸም እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 66 ቀናት ሲሆን፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀናት ይለያይ ነበር። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ የበለጠ ያጽናናኝ፣ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርስ ማሳየቱ ነው፤ በ21 ቀን ስሌት የሚጓዝ ሰው በ22ኛው ቀን ገና ሲታገል ራሱን ሰነፍ ብሎ ይተወዋልና።

የስኬት ታሪኮቹን በጥንቃቄ እሰማቸዋለሁ፤ ያንኑ ልማድ ይዘው ያልተሳካላቸው ሰዎች ለቃለ መጠይቅ አይጋበዙም። አዲስ ዝግጅት የምከፍተውም ከቀድሞው የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ወረቀቱን ሳላይ የምፈጽመው ሲሆን ብቻ ነው፤ እስከዚያው ያንኑ ምዕራፍ እንደገና አዳምጣለሁ።