የቶሳ ጉም ስንት ሜጋባይት ይመዝናል

ባለፈው ክረምት የመጀመሪያውን የሦስት ደቂቃ የአኒሜሽን ተረት ጨርሼ ኩታበር ገጠር ላለችው አክስቴ ላክሁላት። ተራኪዋ እናቴ ናት። ስልኬን አፏ አጠገብ ይዤ፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ጋብ እስኪል ጠብቀን፣ እሷ «ተረት ተረት» ስትል «የመሠረት» የሚለው ድምፅ የኔ ነው። ታሪኩ የአያ ጅቦና የጦጢት ነው፤ አራት ወር ሠርቼበታለሁ።

አክስቴ በማግስቱ ደወለች። «የኔ ልጅ፣ ልጆቹ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው ሲጠብቁ መሸባቸው። የሞላሁትም ጥቅል አለቀ፣ ጅቡም አልመጣ። አንቺው መጥተሽ ብታሳያቸው ይሻላል» አለችኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ የፋይሉን መጠን አየሁት፤ 405 ሜጋባይት። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ነበር የላክሁት፤ እንደ ቪዲዮ ብልከው ቴሌግራም ራሱ ኮምፕረስ ያደርገው (አጭቆ ያሳንሰው) ነበር። እንደ ፋይል ሲላክ ግን አይነካውም።

ሒሳቡን ያን ዕለት ማታ ሠራሁት። በየሴኮንዱ የሚወጣውን ቢት በሴኮንዱ ብዛት አባዝቶ ለ8 ማካፈል ነው፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነውና። እኔ ሬንደር ሳደርግ፣ ማለትም ሥራውን ወደ ቪዲዮ ፋይል ሳወጣ፣ «ከፍተኛ ጥራት» የሚለውን መርጬ በሴኮንድ 18 ሜጋቢት ፈቅጄለታለሁ። ሦስት ደቂቃ 180 ሴኮንድ ነው፤ 18 በ180 ሲባዛ 3240፣ ለ8 ሲካፈል 405። ማንም አላጠፋም፤ የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። ይህም እንኳ ብዙ ተቀንሶለት ነው። አንድ ፍሬም፣ ማለትም ከቪዲዮው አንዱ ሥዕል፣ በ1080 መጠን (1920 በ1080 ነጥብ) ምንም ሳይነካ ቢቀመጥ ወደ 6.2 ሜጋባይት ይይዛል፤ በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲሆን የአንድ ደቂቃ ሥዕል ብቻውን 9 ጊጋባይት ገደማ ይወጣዋል።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ወራት ያሳለፍኩት ሁለት ነገር በማወዳደር ነው፤ የምስልባቸውን ሶፍትዌሮችና የሚወጣውን ፋይል። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። የምለው ሁሉ በዚህ ማሽን ላይ ያየሁት ነው። የማወዳድራቸውም ነፃ የሆኑትን ብቻ ነው።

የጀመርኩት በክሪታ ነው። ለሥዕል ከክሪታ የሚበልጥብኝ የለም፤ ብሩሾቹ ወረቀት ላይ ከሰል የያዝኩ ያስመስሉኛል። አኒሜሽን ላይ ግን ፍሬሞቹን ራም ውስጥ እየያዘ ነው የሚያጫውተው፤ ከሃያ ሴኮንድ በላይ የሆነ ትዕይንት ላይ ላፕቶፔ ቀጥ ይላል። አሁን ለመደቦቹ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ቀጥሎ ሲንፊግ። ሲንፊግ የሚሠራው በቬክተር ነው፤ ሥዕሉን በነጥብ በነጥብ ሳይሆን በቅርጽና በመስመር ሒሳብ ይይዘዋል፤ ቅርጹን እዚህና እዚያ ታስቀምጪዋለሽ፣ መሀሉን እሱ ይሞላዋል። የሥራ ፋይሉ በውስጡ ጽሑፍ ስለሆነ አንድ ሙሉ ትዕይንት ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አያልፍም። እዚህ ላይ ተሳስቼ ነበር። ሥራው በቬክተር ከሆነ ቪዲዮውም ቀላል ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ይህ ነገር እውነት የነበረው በፍላሽ ዘመን ነው፤ ያኔ ተመልካቹ ጋ የሚደርሰው ራሱ ቬክተሩ ነበር፣ የሚስለውም የተመልካቹ ኮምፒውተር። የፍላሽ ማጫወቻ ድጋፉ በ2020 መጨረሻ ላይ ተቋረጠ። አሁን ሁሉም መጨረሻው ኤምፒፎር የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ነው፤ ሬንደር ከተደረገ በኋላ ደግሞ የሲንፊግ መስመርና የክሪታ መስመር ሁለቱም ፒክስል (የቀለም ነጥብ) ናቸው።

ልቤ ያረፈው ኦፕንቱንዝ ላይ ነው። መሠረቱ ቱንዝ የሚባለው የጣሊያን ሶፍትዌር ሲሆን የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ በ2016 ነው ለሁሉም ነፃ የሆነው። መልኩ መጀመሪያ ያስፈራል። የያዘኝ የፍሬም ሰንጠረዡ ነው። በቁም የተደረደሩ ሣጥኖች አሉት፤ በእያንዳንዱ ሣጥን የሥዕሉን ቁጥር ትጽፊያለሽ። ለምን እንደወደድኩት በጦጢት አፍ ላስረዳ። አፍ ከድምፅ ጋር የሚያስማሙ መሣሪያዎች ሞክሬ ነበር፤ የተሠሩት በእንግሊዝኛ ድምፆች ስለሆነ እናቴ «እንግዲህ» ስትል ጦጢት ሌላ ነገር ታኝካለች። ስለዚህ ገበታውን ዘርግቼ በፊደላችን ሄድኩ። ካዕብና ሳብዕ ሲሆን ከንፈር ይሞጠሙጣል፤ ራብዕ ሲሆን አፍ በደንብ ይከፈታል፤ ሳልስና ኃምስ ወደ ጎን ይለጠጣሉ፤ ግዕዝ ግማሽ ክፍት ነው፤ ሳድስ ለመገጠም ጥቂት የቀረው። በዚህ ላይ ለመ፣ ለበ እና ለጰ ግጥም ያለ አፍ፣ ለፈ ደግሞ የታች ከንፈርን የነካ ጥርስ ጨመርኩ። ሰባት የአፍ ሥዕል፣ ከ1 እስከ 7። እናቴን እየሰማሁ ሰንጠረዡ ላይ ቁጥር እሞላለሁ፤ ጦጢት እንደ ወሎ ሰው ታወራለች። የሦስት ደቂቃውን አፍ በሁለት ቀን ጨረስኩ።

ብሌንደርን መገጣጠሚያ አድርጌዋለሁ። በ2002 ደጋፊዎች 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ነፃ ያወጡት ሶፍትዌር ነው፤ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ግሪስ ፔንስል በሚባለው ክፍሉ የወረቀት ሥዕል ዓይነት አኒሜሽን በደንብ ይሠራል። ጠንካራ ማሽን ያለው ሰው ከብሌንደር ሌላ ባይፈልግ አይፈረድበትም። የእኔው ላይ ይከብዳል፤ ትዕይንቶቹን ማያያዝና ድምፅ መግጠም ላይ ግን አላስቸገረኝም።

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ላይ ላለን ሰዎች አንድ ነገር አጥብቄ ልንገር። ቀጥታ ወደ ኤምፒፎር ሬንደር አታድርጉ። 4320 ፍሬም ከሆነው ሥራ 3900 ገደማ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደብኝ፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ፈጅቶ ነበር። የቀረው ፋይል አልከፈት አለ። ኤምፒፎር ማውጫውን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ መሀል ላይ የተቋረጠው ምን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አሁን እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ፒኤንጂ (የሥዕል ፋይል) አድርጌ አወጣለሁ። ብሌንደር ላይ ቀድሞ የወጣውን ፍሬም እንደገና እንዳይጽፍ ማድረጊያ ምርጫ አለ፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስክ ይበላል፣ ግን ቪዲዮው ከተሠራ በኋላ ፒኤንጂዎቹን አጠፋቸዋለሁ።

ወደ ክብደቱ ልመለስ። ፒኤንጂዎቹን በኤፍኤፍኤምፔግ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ የቪዲዮ መለወጫ፣ ከ1080 ወደ 720 አውርጄ፣ ጥራቱን በሲአርኤፍ 23 ላይ አድርጌ አወጣሁት። ሲአርኤፍ ከ0 እስከ 51 የሚሄድ ቁጥር ነው፤ ሲጨምር ፋይሉ ያንሳል፣ በየ6 ቁጥሩ መጠኑ በግምት በግማሽ ይወርዳል። ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው ይህንኑ ሃንድብሬክ የተባለ ፕሮግራም ላይ በመጎተት ብቻ ያገኘዋል። 64 ሜጋባይት ወጣ። ከ405 ሲታይ ትልቅ ነገር ነው፤ ለጉብታው ግን አሁንም ብዙ ነው። ትዕይንቶቹን እየለየሁ ለየብቻ ሳወጣቸው አብዛኛውን የበላው አንድ ትዕይንት ሆኖ ተገኘ። ጠዋቱ። ጉም ከደሴው የቶሳ ተራራ ሲወርድ የሚታይበት።

ደሴ ያደገ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ከቶሳ ተነሥቶ ሆጤ ሰፈርን ይሸፍንና አጠገብሽ የነበረ ሰው አስር እርምጃ ሲሄድ ከዓይንሽ ይጠፋል። ያንን ለማምጣት ክሪታ ላይ ሻካራ ብሩሽ ይዤ እያንዳንዱን ፍሬም እንደ አዲስ ነክቼው ነበር፤ ሥዕሉ ሕያው ሆኖ ይርገበገባል። ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እሱ ነበር። ኮምፕረስ የሚያደርገው ኮዴክ ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው። የምጠቀምበት ኮዴክ ኤች.264 ፍሬሙን 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና እያንዳንዱ ካሬ በፊተኛው ፍሬም ላይ የት እንደነበረ ይፈልጋል። ካገኘው «ከዚያ ወደዚህ ዞረ» ብሎ ያልፋል፤ ይህ ምንም አይወስድም። የኔ ጉም ነጠብጣብ በየፍሬሙ ስለሚቀያየር የትም አያገኘውም። ስለዚህ ጉሙን በየጊዜው ከሥር ጀምሮ ይጽፈዋል።

አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ቡና ይዤ እውነተኛውን ጉም ሳየው ቆየሁ። የሚመጣው ተደራርቦ ነው። የፊተኛው ፈጠን ይላል፣ የኋለኛው ተራራው ላይ ተኝቶ የሚንቀሳቀስ አይመስልም፣ ጠርዙም ከማስበው በላይ የተቆረጠ ነው። ሲንፊግን ከፍቼ አምስት ልሙጥ፣ ሳሳ ያሉ ቅርጾች ሠራሁ፤ በተለያየ ፍጥነት ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፣ በቃ። ሰማዩም ቀስ በቀስ ከሰማያዊ ወደ ነጭ የሚሄድ ቀለም ነበረው፤ ቢትሬት (በሴኮንድ የሚፈቀደው ቢት) ሲቀንስ እንዲህ ያለው ቀለም እየተሰነጠቀ አስቀያሚ መስመር ያወጣል። እሱንም በአራት ልሙጥ ቀለም እንደ ነጠላ ጥለት ደረደርኩት። የብሩሹ ሻካራነት ይናፍቀኛል፤ ግን ከአስር ሰዎች ስምንቱ አዲሱን ጉም መርጠውልኛል፣ እናቴ ጭምር።

ገጸ ባሕሪያቱን ደግሞ በሴኮንድ 12 ሥዕል ብቻ ሳልኳቸው፤ እያንዳንዱ ሁለት ፍሬም ይቆያል። ተደጋጋሚው ፍሬም ፋይሉ ላይ የሚጨምረው የለም ማለት ይቻላል። ሥዕሉ ብቻውን 9 ሜጋባይት ሆነ። ሲአርኤፉን ወደ 27 ሳወጣው 5.6።

ድምፁን እስከዚያ ረስቼው ነበር። በ320 ኪሎቢት፣ በስቴሪዮ ነበር ያስቀመጥኩት፤ 7.2 ሜጋባይት፣ ከሥዕሉ ይበልጣል! አንዲት ሴት በአንድ ስልክ ተቀድታ ስታወራ ግራና ቀኝ ምን ያደርግላታል? በሞኖ 64 ኪሎቢት አደረግሁት፤ 1.4 ሆነ። የእናቴ ድምፅ ያው የእናቴ ድምፅ ነው፤ የዝናቡ እንጥፍጣፊም ይሰማል። በድምሩ 7 ሜጋባይት።

አዲሱ ኮዴክ ኤች.265 ከዚህም ያሳንሰዋል ያለኝ ጓደኛ አለ፤ ልክ ነው። ግን አክስቴ ሰፈር ያሉት ስልኮች አሮጌ ናቸው፤ ቢደርሳቸውም ላይከፍቱት ይችላሉ። የ2003ቱን ኤች.264 የማያጫውት ስማርት ስልክ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ማውጫውን ከፊት ማድረጊያ ምርጫም አለ፤ እሱን ሲያበሩት ቪዲዮው ወርዶ ሳያልቅ መጫወት ይጀምራል።

አክስቴ ተቀበለችው። ልጆቹ አይተው ሲጨርሱ በብሉቱዝ ለጎረቤት ልጆች ላኩት። አሁን የመጣው ጥያቄ የአጎቴ ነው፤ የሱ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ማሳያው 320 በ240 ነው። ለሱ ብዬ በ320 በ180 አወጣሁለት፤ ፋይሉ 2 ሜጋባይት እንኳ አልሞላም። ሲያየው ግን «ጅቡን አየሁት፣ ጦጣዋ ፊት የላትም እኮ» አለኝ። ፊቷን የሳልኩት 1080 ላይ በ4 ፒክስል መስመር ነው፤ ስድስት ጊዜ ሲያንስ ከአንድ ፒክስል በታች ይሆንና ይጠፋል። በ12 ፒክስል ብስለው 2 ፒክስል ሆኖ ይደርሰዋል። ሰባቱን አፍ በዚያ ውፍረት እንደገና እየሳልኩ ነው፤ ዛሬ ማታ ራብዕ ላይ ደርሻለሁ።