ወደ ጎረቤላ፣ ለጋሼ ሙት ዓመት

ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ መኪና ተቀይሮ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የአንኮበሯ ጎረቤላ ትገኛለች። ጋቢ የግድ ነው። ጉም ከአፋፉ ላይ ከወረደ መንገዱ አይታይምና በጠዋት መነሳት ይሻላል።

ለሙት ዓመቱ የምንሄድ ሁሉ ባዶ እጃችንን እንዳንመጣ መልእክት ደርሶናል፤ ገንዘብ ሳይሆን ደብተር። የጋሼ ቤት ከጎረቤላ ቁልቁል ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ይበጃል፣ ጉሙ ጠርዙን ያረጥበዋል።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ ለተማሪ ደብተር ሲያድሉ መኖራቸውን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከየት እንደሚያመጡት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጡረታቸው ለቤት እንኳ አይተርፍም ነበር፤ ደብተሩን የሚገዛው ባሕር ዛፉ ነው። ከቤታቸው በታች ያለውን ተክል አምስት ቦታ ከፍለው በየዓመቱ አንዱን ብቻ ያስቆርጡ ነበር። አምስተኛው ሲቆረጥ የመጀመሪያው ለማገር ይደርሳል። ጉቶው ግማሽ ስንዝር ያህል ቀርቶ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ይቆረጣል። ሲያቆጠቁጥ ከየጉቶው ሁለት ወይም ሦስት ቀንበጥ ትቶ ሌላውን መንቀል ነው፤ ሰው ሳስቶ ሁሉንም ከተወው ከማገዶ የማያልፍ ጭራሮ ይሆናል። ምንጩ አጠገብ አንድም አልተከሉም፣ ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣልና።

የሚገርመው ግን አሮጌውን ደብተር የሚያድሱበት መንገድ ነው። ሰኔ ላይ ልጆቹ የጨረሱትን ያመጣሉ። ከኋላ ባዶ የቀረው ቅጠል አጣማሪው ከፊት የተጻፈበት ስለሆነ ሲገነጠል ነጠላ ነው፤ ስለዚህ መሃሉን አጥፎ መስፋት አይቻልም፣ በጎን ይሰፋል። አርባ ቅጠል ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጎ ማስተካከል፣ ከዳር አንድ ጣት ገባ ብሎ በወስፌ ሦስት ቦታ መብሳት። ቀዳዳው ለዳር ከቀረበ ወረቀቱ ይተረተራል፤ አብዝቶ ከገባ ደብተሩ አልከፈት ይላል። ክሩ በጧፍ ይታሻል፣ ያኔ አይጠላለፍም።

ግቢው ውስጥ አንድ ልጅ ይህንኑ ሲሰፋ ደረስን። መርፌውን ከላይኛው ቀዳዳ ሲያስገባ የቤቱ እመቤት እትዬ ከጓዳ አዩት።

«ከመሃል! ከመሃል ጀምር አንተ!»

ልክ ናቸው። ከጀርባ በመሃሉ ወጥቶ፣ በላይኛው ወርዶ፣ መሃሉን ዘሎ በታችኛው ወጥቶ፣ በመሃሉ ሲመለስ ሁለቱ የክር ጫፎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ቋጠሮው ረጅሙን ክር አቅፎ ስለሚታሰር አይላላም። ከዳር የተጀመረው ግን እዚያው ዳር ይቋጠርና ልጁ በጎተተ ቁጥር ወረቀቱን ይበላዋል።

ሽፋኑ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ነው። ማጣበቂያው አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአምስት ስኒ ውሃ ተበጥብጦ፣ እስኪወፍርና እስኪያብረቀርቅ እሳት ላይ የሚማሰል። ጥሬው ሲደርቅ ይፈረፈራል። ከዚያ አንድ ሌሊት ድንጋይ ይጫንበታል፤ ያልተጫነው እንደ ቂጣ ይሸበሸባል።

አሰጣጡም ሥርዓት ነበረው። ግማሹ መስከረም፣ ግማሹ የካቲት። ሁሉ በአንዴ ከተሰጠ ለታናሽ ይገነጠላል፣ ለስኳር መጠቅለያ ይውላል። ትምህርት ቤት ውስጥ በሰው ፊት አይሰጡም፤ ልጁ ማታ ቤት ይመጣል፣ «ተበደረ» ተብሎ ይጻፋል። ዕዳው የሚሰረዘው ተጽፎ ያለቀውን ይዞ ሲመጣ ነው። ለድሃ ልጅ ይህች «ብድር» የምትባል ቃል ከደብተሩ አታንስም ባይ ነኝ።

መዝገቡ አሁን እትዬ ጋ ነው። ከፍትሐቱ መልስ ያመጣነውን በደርዘን በደርዘን ቆጥረው ለሁለት ከፈሉትና የየካቲቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።