ሐብሐብ እየወጋሁ ሰው ማስፈራራት፦ ልምምዱ የት ደረሰ?

የአስፈሪ ትረካ ድምፆችን ቤት ውስጥ መሥራት ጀመርኩ ስላችሁ "እስቲ የደረስክበትን ንገረን" ብላችሁኝ ነበር። ይኸው።

ሐዋሳ ላይ የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ጂን አይደለም፣ ባጃጅ ነው። ጭራቁ ከሐይቁ ብቅ ሊል ሲል ጡሩንባ ይነፋበታል። ባጃጁ ጋብ ሲል ውሻ ይረከባል። ስለዚህ የምቀርጸው ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው። የላቡን ነገር አታንሱብኝ። ብርድ ልብሱ ግን ከግድግዳ የሚመለሰውን ማስተጋባት ይውጠዋል፤ ድምፁም ጆሮ ሥር የሚንሾካሾክ ይሆናል።

ቀጥሎ የቢላው ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የሂችኮክ "ሳይኮ" ፊልም፣ ሻወር ቤት ውስጥ የሚሰማው የቢላ ድምፅ ሜሎን ሲወጋ የተቀዳ ነው። ደሙ ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቅበታል? እኔም ገበያ ወርጄ ሐብሐብ ገዛሁ። ምስጢሩ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። መጀመሪያ ልጣጩ "ቀጭ" ይላል፣ ወዲያው ውስጡ "ጭቅ" ይላል። ሁለቱ ካልተከታተሉ ጆሮ ሥጋ ነው ብሎ አያምንም።

ቀረጻው እያማረልኝ "እባክህ ማረኝ!" ብዬ ስጮህ በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው። ነጠላቸውን ከወዲሁ አዘቅዝቀዋል።

"ልጄ፣ ማን ነው ውስጥ ያለው?"

እጄ ላይ ቢላ አለ፤ ቀዩ ጭማቂ እስከ ክርኔ ወርዷል።

"ሐብሐብ ነው፣ እትዬ።"

ቢላውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ታዲያ ማረኝ የሚለው ሐብሐቡ ነው?"

ግማሹን ይዘው ሄዱ። ለማስረጃ ይሁን ለመብላት አልጠየቅኩም።

ለጭራቁ ድምፅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ሲያጸዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ራሱ መላጣ፣ ከአንገቱ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ ካፖርት የደረበ ጡረተኛ ዳኛ የሚመስል ፍጥረት ነው። የእግሩ ንጣትም ተፈጥሮው አይደለም። ሙቀት ሲጠናበት በገዛ እግሩ ላይ ይጸዳዳል፤ እርጥበቱ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። እንዲህ ዓይነቱ ፍጥረት አፉን ቢከፍት ምን ሊወጣ ነው ብዬ ማይኬን ደግኜ ቆምኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። መንቁሩን ያጋጫል፣ አለቀ። ቤት ገብቼ ቀረጻውን በግማሽ ፍጥነት ሳጫውተው ግን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወረደ፤ ጨለማ ውስጥ አጥንት የሚቆጥር ሰው ሆኖ ቁጭ አለ።

እውነተኛው አስፈሪ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጉሬዛ! ያ ቱሪስት ሁሉ "ሲያምር" እያለ ፎቶ የሚያነሳው። ጎህ ሲቀድ ወንዱ ያገሳል፣ ከሌላ ዛፍ ሌላው ይመልስለታል። ምንም ኤዲት አያስፈልገውም። ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የስልክ ስፒከር በደንብ አያወጣውም፤ በማዳመጫ ስሙት።

አንድ ምክር ግን እፈልጋለሁ። ንፋስ እንዳይገባበት ማይኩን ካልሲ አልብሼው ነበር። ጦጣ ካልሲውን መንጭቃ ዛፍ ላይ ወጣች፤ አሽትታው ፊቷን አዞረች፣ ግን አልጣለችውም። ካልሲ የማይፈልግ የንፋስ መከላከያ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።